በክረምት የሚቆጠር ሥራ

የጤፍ አበባ ማልዶ ነው የሚከፈተው። ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ባለችው አጭር ጊዜ ይከፈታል፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ነገሩ ያልቃል። ሁለት ጤፎችን ማዳቀል የሚፈልግ ሰው ከዋዜማው ማይክሮስኮፕ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ከእናቲቱ አበባ ሦስቱን የወንዴ ከረጢቶች በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ይለቅማል። በማግስቱ ጠዋት ከአባትየው አበባ ብናኙን ወስዶ ያስነካታል። እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግማሽ ሰዓት ካረፈደ የሁለት ቀን ልፋቱ ባከነ።

ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ይህችን የጠዋት ሰዓት ለይተው እስኪያሳዩ ድረስ፣ ጤፍን በሰው እጅ ማዳቀል የማይሆን ነገር ይመስል ነበር። ተመራማሪው የሚችለው ከየገበሬው ማሳ ከተሰበሰበው ውስጥ የተሻለውን መርጦ ማጥራት ብቻ ነበር። የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ጤፎች መለያ ዛሬም ይህን ታሪክ ይናገራል። «ዲዜድ-01» ብሎ የሚጀምረው በምርጫ የተገኘ ነው፤ «ዲዜድ-ሲአር» ብሎ የሚጀምረው በማዳቀል የተገኘ። ብዙዎቻችን እንጀራውን የምናውቀው ቁንጮ የተሰኘው ጤፍ ዲዜድ-ሲአር-387 ነው፤ ለገበሬው የተለቀቀውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት የቡድኑ መሪ የት ነው? መርፌውን የያዘው እሱ አይደለም። እጇ የማይንቀጠቀጠው ቴክኒሻን ናት የያዘችው። ነገር ግን የማይክሮስኮፑ አምፖል ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ ጥበቃው ግቢውን ከ2 ሰዓት በፊት አልከፍትም ቢል ኖሮ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ለሦስት ወር ስላልተፈጸመ ቴክኒሻኗ ተስፋ ቆርጣ ቀርታ ቢሆን ኖሮ፣ ያ አበባ ማንም ሳያየው ተከፍቶ ይዘጋ ነበር። የመሪው ሥራ እዚያ ነው ያለው። ሲሳካ አይታይም፤ ሲጓደል ግን አንድ ዓመት ይዞ ይሄዳል።

በሰብል ምርምር ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የኋለኞቹን ያሳለፍኩት ቡድን በመምራት ነው። «ተመራማሪ መምራት ምን ሥራ አለው? እነሱ የሚሠሩትን ያውቃሉ አይደል?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ጥያቄው ቅን ስለሆነ በቅንነት ላብራራው።

ቤት የሚያስገነባ ኃላፊ ቤቱ ምን እንደሚመስል ገና ሳይጀመር ያውቃል። ፕላኑ በእጁ ነው፤ ሲሚንቶና ብረቱ ተሰልቷል፤ የሱ ጭንቀት ሥራው በፕላኑ መሠረት መሄዱ ነው። የምርምር መሪ ግን መጨረሻውን አያውቀውም። ቢያውቀውማ ምርምር ባላስፈለገ ነበር። በእጁ ያለው ጥያቄ፣ የተወሰነ በጀት፣ ጥቂት ሰዎችና ጥቂት ክረምቶች ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጊዜ የሚቆጠረው በክረምት ነው። የዘንድሮ ሐምሌ ካለፈ የሚቀጥለው ሐምሌ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ነው። አንድ ተመራማሪ ዕድሜ ልኩን ቢሠራ ሠላሳ አምስት ክረምት ቢያገኝ ነው። እኔ ከዓመታት በኋላ የተረዳሁት፣ መሪ ዋና ሥራው እነዚህ ጥቂት ክረምቶች በከንቱ እንዳያልፉ መጠበቅ መሆኑን ነው። ክረምት ደግሞ በአራት መንገድ ይባክናል፤ በተሳሳተ ጥያቄ፣ በዘገየ ዝግጅት፣ በተደበቀ ስህተትና በጊዜው ባልተወሰነ ውሳኔ።

ከጥያቄው ልጀምር። ወደ መሪው ጠረጴዛ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄ ሳይሆን ምኞት ነው። «አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ይምጣልን» ይላል ገበሬው፤ እውነቱን ነው። አቀንጭራ የማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ጉዳቱን አድርሶ ጨርሷል፤ ቢነቅሉትም ለዚያ ዓመት ሰብል የረባ ጥቅም የለውም። ይህን ምኞት እንዳለ ይዞ ወደ ማሳ የሚወጣ ቡድን በየዓመቱ መቶ ማሽላ ዘርቶ የትኛው እንደተረፈ ያያል። ግን አንዱ የተረፈው ተቋቁሞ ይሁን፣ ወይስ ያ መሬት ላይ የአቀንጭራው ዘር ስላልነበረ፣ መለየት አይችልም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆነው ያደረጉት ይህን ምኞት መሰንጠቅ ነበር። አቀንጭራ መሬት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚቆይ ዘር አለው፤ የሚነቃው አጠገቡ ያለ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ስለዚህ ትልቁ ምኞት ወደ አንድ ትንሽ ጥያቄ ወረደ፦ ይህን ኬሚካል እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ አለ ወይ? ይህ ጥያቄ ዝናብ አይጠብቅም። የማሽላውን ቡቃያና የአቀንጭራውን ዘር በላብራቶሪ ሳህን ላይ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ፣ ዘሩ በምን ያህል ርቀት እንደበቀለ በቀናት ውስጥ መለካት ይቻላል። አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽሎች ከዚህ ሥራ ወጡ፤ ፕሮፌሰር ገቢሳም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ልብ በሉ፤ ማሽላ አዳቃዩ ብቻውን ቢሆን ወደዚህ ጥያቄ መድረሱ ያጠራጥራል። ባዮኬሚስቱም ብቻውን ኬሚካሉን ለይቶ ጽሑፍ አሳትሞ ያበቃ ይሆናል። መሪ ሰው ሲመድብ ጥያቄው ማንን ይፈልጋል ብሎ ነው መነሳት ያለበት። እኔ ፕሮፖዛል ስንገመግም ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የማቀርባት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ «በዚህ ክረምት መጨረሻ ምን ብታይ ሐሳብህን ትለውጣለህ?» መልስ ካጣ ፕሮፖዛሉ ገና አልበሰለም። ይዞት የመጣው ምኞት ነው፤ ተመልሶ መሰንጠቅ አለበት።

ጥያቄውን ለማረም የሚቀመጡት ሰዎች ሁሉ ግን ተመራማሪዎች አይደሉም። ከቁንጮ በፊት ዱከም የሚባል ጥሩ ምርት የሚሰጥ ጤፍ ነበረን፤ መለያው ዲዜድ-01-974። ማኛ የምንለው ዲዜድ-01-196 ደግሞ ንጣቱ የተመሰከረለት ነው፤ ምርቱ ግን ከዱከም ያንሳል። በኩንታል ብቻ ለሚያስብ ሰው ዱከም ይበቃ ነበር። ገበሬው ግን በኩንታል ብቻ አያስብም፤ ገበያ ወስዶ ይሸጠዋል። ነጋዴው ከጆንያው እፍኝ ያነሳል፤ መዳፉ ላይ ዘርጋ አድርጎ በፀሐይ ብርሃን ንጣቱን ያያል፤ ዋጋውን እዚያው ይቆርጣል። ይህን መዳፍ ያላየ ቡድን ገበሬው የተሻሻለውን ዝርያ ለምን እንደማይፈልግ ሲገርመው ይኖራል። ቁንጮ የተወለደው የዱከምን ምርት ከማኛ ንጣት ጋር ለማገናኘት ነው፤ እናትና አባቱ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። መሪ ገበሬውንና ነጋዴውን ዝርያው ካለቀ በኋላ ለምርቃት ቢጠራቸው ዘግይቷል። መጠራት ያለባቸው ምን ከምን ጋር እንደሚዳቀል ሲወሰን ነው።

ወደ ዝግጅቱ ልለፍ፤ ክረምት ከሁሉ በላይ የሚባክነው እዚህ ነውና። አንድ ድቅል ከተገኘ በኋላ ልጆቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር፣ አንዱ ነጭ ሌላው ቀላ ያለ። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ስለሆነ በእያንዳንዱ ተክል ውስጥ ያለው የእናትና የአባት ቅይጥነት በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። ከስድስት ትውልድ በኋላ ከመነሻው ከ64 አንድ እጅ ብቻ ይቀራል፤ ያኔ ዘሩ ጸና ይባላል። በበጋ በመስኖ እየዘሩ በዓመት ሁለት ትውልድ ማግኘት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለውን የማሳ ፈተና ግን በመስኖ ማሳጠር አይቻልም፤ ገበሬው የሚዘራው በክረምት ስለሆነ ፈተናውም በክረምት መሆን አለበት። በብዙ ቦታ፣ ቢያንስ ሁለት ክረምት፣ ከዚያም የዝርያ አጽዳቂው ኮሚቴ የሚያየው የማረጋገጫ ማሳ። አንድ ዝርያ አሥር ዓመት ቢፈጅ አይገርምም።

ይህ ማለት ለመሪው ምን ማለት ነው? የቀን መቁጠሪያውን ከኋላ ወደፊት ማንበብ ማለት ነው። ሐምሌ ላይ 20 እጩዎችን በ6 ቦታ፣ በየቦታው 4 ጊዜ ደግመን የምንዘራ ከሆነ፣ 480 ፖስታ ተሞልቶ፣ ተመዝኖ፣ ቁጥር ተጽፎበት ሰኔ አጋማሽ ላይ ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት። ለዚያ ዘሩ ግንቦት ላይ ተበጥሮ ማለቅ አለበት። የጤፍ ፍሬ በአንድ ግራም ወደ 3,000 ገደማ ይገባል፤ ከአንዱ ፖስታ ወደ ሌላው ጥቂት ቢፈስ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ሥራው በጥድፊያ አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጤፍ ግን ከፈሰሰ ተለቅሞም አይለይም። ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ የውሎ አበሉ፣ የመኪናው ጥገና ደግሞ በጥር ካልተጠየቀ በሐምሌ አይደርስም።

አንድ ዓመት ጎማ ጠየቅን። ወረቀቱ ከፊርማ ወደ ፊርማ ሲንከባለል ሐምሌ አለቀ። ከስድስቱ ቦታዎች ሁለቱ ጋ የደረስነው ዝናቡ ከተገባደደ በኋላ ነበር። የሁለቱ ቦታ መረጃ ለምንም ሳይሆን ቀረ። በዓመቱ ማብቂያ የበጀት አጠቃቀም ሪፖርት ላይ ግን «የተረፈ» ተብሎ የተመዘገበ ገንዘብ ነበር። ያን ገንዘብ ዛሬም ሳስበው ያመኛል፤ እኛ ያጣነው ክረምት በየትኛውም የሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ አልገባም። ከዚያ ወዲህ ለፋይናንስና ለግዢ ባልደረቦቼ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ማሳ አስጎበኛለሁ። የጎማ ጥያቄ ምን እንደሆነ ማሳው ላይ ቆሞ ያየ ሰው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አያሳድርም።

አንዳንዴ ደግሞ መሪ ክረምትን ማትረፍ ይችላል። የቡና ፍሬ በሽታ፣ በተለምዶ ሲቢዲ የምንለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁራል፤ አድርቆም ያረግፈዋል። ቡና በማዳቀል አዲስ ዝርያ ማውጣት ከሃያ ዓመት በላይ የሚፈጅ ነገር ነው፤ አገሪቱ ያን ያህል መጠበቅ አትችልም ነበር። በጅማ የነበሩት ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ያዙ። ቡና የተፈጠረበት አገር ላይ ነንና የሚቋቋም ዛፍ ጫካውና ጓሮው ውስጥ ሊኖር ይገባል ብለው ተነሱ። በሽታው በበረታበት አካባቢ ዙሪያው ሁሉ ጠቁሮ እሱ ግን ፍሬውን ይዞ የቆመ ዛፍ እየፈለጉ ዘር ለቀሙ። ከዚያ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር የሚለውን ልማድ ተዉት፤ የላብራቶሪ ፈተናውን፣ የማሳ ፈተናውንና ችግኝ ማባዛቱን ጎን ለጎን አስኬዱ። ፈተናውን የወደቀው ይነቀላል፤ ያለፈው ግን ዘሩ አስቀድሞ ዝግጁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ዝርያዎቹ ለገበሬው መድረስ ቻሉ።

ዛሬ በውጭ አገር ቡና ቤቶች ከረጢት ላይ 74110 ወይም 74112 የሚል ቁጥር ያነበበ ሰው የዚያን ዘመን ማስታወሻ ነው ያነበበው፤ 74 ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974፤ ቀሪው የዛፉ ተራ ቁጥር። ጎን ለጎን ማስኬድ ግን ነፃ አይደለም። የሚነቀል ችግኝ ለማልማት ገንዘብ መመደብ ማለት ነው። «ለሚነቀል ነገር ለምን አወጣችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ይኖራል፤ የምንገዛው ጊዜ መሆኑን አስቀድሞ የማስረዳት ዕዳው የመሪው ነው።

ሦስተኛው የተደበቀ ስህተት ነው። ይህን ያስተማረኝ አንድ ወጣት ቴክኒሻን ነው። ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ በጭቃ ውስጥ ስንዘራ ውለን፣ ሲመሽ ሁሉም ወደ መኪናው ሲሄድ እሱ ኋላ ቀረ። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለኝ። ሦስተኛው ድግግሞሽ ላይ ሁለት ፖስታ ተንሸራተውበታል፤ የ14ኛውን በ15ኛው ቦታ ዘርቶት ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለም። ጤፍ ደግሞ ከተዘራ በኋላ ተመልሶ አይታይም።

ደክሞኝ ነበር። ቃል ሊያመልጠኝ ጥቂት ነው የቀረው። ግን በዚያች ቅጽበት ፊቴ የሚያሳየውን ሌሎቹም ከመኪናው አጠገብ እያዩ እንደሆነ ገባኝ። የመስክ ደብተሩን አወጣሁ፤ «የትኞቹ መደቦች ናቸው? አብረን እንጻፈው» አልኩት። ሁለቱን መደቦች ከስሌት እንደሚወጡ ምልክት አደረግንባቸው፤ ቀንና ስሙን ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። ከ80 መደብ ሁለት ማጣት ለሙከራው ምንም ማለት አይደለም። ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን 14ኛው በ15ኛው ስም ይመዘን ነበር። ደካማው የጠንካራውን ምርት ወስዶ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሊያልፍ፣ ጠንካራው ሊጣል ይችል ነበር። የሐሰት ቁጥር ማሳ ላይ አይጮህም፤ ሪፖርት ውስጥም ከእውነተኛው ጋር ይመሳሰላል። ከዓመታት በኋላ የሚከፍለው፣ ቡድናችንን አምኖ ዘሩን የወሰደው ገበሬ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንታዊ ስብሰባችንን «ያልተሳካው ምንድን ነው?» በሚለው መክፈት ጀመርኩ። መጀመሪያ የምናገረው ራሴ ነኝ። ለሁለት ወር ያህል ከኔ በቀር ማንም አልተናገረም። እኛ አለቃ ፊት ጉድለት መናገር እንደ ነውር ሲቆጠር ነው ያደግነው፤ «ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» የሚለው ከአፋችን የሚቀድም መልስ ነው። ለምርምር ግን እንደዚህ መልስ ጎጂ ነገር የለም። መሪ መጥፎ ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ካልሆነ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይደርሰዋል። ይህ እንዲሆን ስህተቱን የነገረውን መቅጣት ማቆም ብቻ አይበቃም፤ በነገረው ነገር ላይ ወዲያው እርምጃ ወስዶ ማሳየት ያስፈልጋል። እርግጥ ነው፣ አውቆ ቁጥር የፈጠረ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ሁለቱን ለይቶ ማየት መሪ በሙሉ ልቡ ሊያደርገው የሚገባ ፍርድ ነው።

የመጨረሻው፣ ለኔ ከሁሉ የሚከብደኝ፣ የማቆም ውሳኔ ነው። በመቶዎች ከሚቆጠሩ እጩዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው ዝርያ የሚሆኑት። ሌላው ይጣላል። አንድ ባልደረባችሁ አምስት ዓመት የለፋበትን መስመር እንዲተው መንገር ልጁን አትቁጠረው እንደማለት ነው። ስለዚህ መስፈርቱን ሙከራው ከመጀመሩ በፊት አብረን እንጽፋለን፤ ከነባሩ ዝርያ በዚህ ያህል ካልበለጠ፣ በዚህ በሽታ ከዚህ በላይ ከተጠቃ፣ እናቆማለን ብለን። በኋላ ላይ ውሳኔው የአለቃው ጭካኔ ሳይሆን የሁላችን ቃል ይሆናል። የተጣለውም ቢሆን ከነመረጃው ይቀመጣል፤ ነገ ለሌላ ጥያቄ መልስ ሊሆን ይችላልና።

ማቆም እንዳለ ሁሉ ማንም ሳይጠይቅ መቀጠልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ የስንዴ ማሳዎችን ሲመታ ኩብሳና ገላማ የተባሉት ተወዳጅ ዝርያዎች ተጎዱ። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲጋሉ ዞረ። ጥቂት ክረምት እንዳለፈ፣ ከ2013 ጀምሮ፣ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር አርሲና ባሌ ውስጥ ዲጋሉን ራሱን መታው። በሽታው አይተኛም፤ የትናንቱ ድል ለነገ ዋስትና አይሆንም። ነባሩ ዝርያ ገበያውን ሞልቶ ሁሉም ደስ ባለው ጊዜ «አሁን ሌላ ስንዴ ለምን ያስፈልጋል?» የሚባልበት ሰዓት፣ መሪው ተተኪውን ለማሳደግ በጀት የሚለምንበት ሰዓት ነው። ያኔ የዘራው ዝግጁ ካልሆነ ወረርሽኙ ሲመጣ የሚለቀቅ ነገር የለም።

ይህን ሥራ የሚረከቡ ወጣቶች አንድ ነገር እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መሪ የሚደረገው ከሁሉ የላቀው ተመራማሪ ነው። እድገት ነው ተብሎ ይሾማል፤ በማግስቱ ከማይክሮስኮፑ ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑ በስብሰባና በፊርማ ያልቃል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። መጽናኛውም እውነተኛ ነው፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ከሚሠራው የበለጠ በአሥራ ሁለት ሰው እጅ ይሠራል። ግን ያ የሚሆነው እጆቹ የማን እንደሆኑ ሲታወቅ ነው። አዳቃዩዋ ስሟ ጽሑፉ ላይ ይግባ፤ በጭቃ የዘራው ቴክኒሻን ዝርያው ሲመረቅ ከፊት ይቀመጥ። ሥራው ለሚመጣው ሰው በሚነበብ ጽሑፍ ይቀመጥ፤ አሥር ዓመት የሚፈጅ ሥራ የጀመረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ሰው አይደለምና።

ባለፈው ሰኔ አንዲት አዲስ ተመራማሪ ከዘር ክፍላችን አንድ የቆየ ፖስታ ይዛ መጣች። በእርሳስ የድቅሉ ቁጥር፣ የእናትና የአባቱ መለያ፣ የመደቡ ቁጥር፣ ቀኑ፣ በስተግርጌ ደግሞ «ድርቅ ባለበት ዓመት ቀድሞ ደረሰ፤ እንደገና ይታይ» የሚል ተጽፎበታል። ጸሐፊው ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሚዛኑን አስተካክላ፣ ጥቂት ዘር ቆነጠረችና በአዲስ ፖስታ ላይ ቁጥሩን መጻፍ ጀመረች። ሐምሌ ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።